ልጄ ማዕተቡን በጠሰ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 51 ነው። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የወሩን ግማሽ ቤት አይውልም። ሦስት ልጆች አሉን። የምጽፍልዎ ስለ ትልቁ ነው። 22 ዓመቱ ነው፤ ፖሊ ግቢ አራተኛ ዓመት ደርሷል።

ይሄ ልጅ በአሥር ዓመቱ ዲቁና የተቀበለ ነው። ሌሊት ደወል ሲደወል ከእኔ ቀድሞ የሚነሣ እሱ ነበር። በ2015 የነነዌ ጾም ጥቁር ልበሱ ሲባል የአባቱን ጥቁር ሹራብ ለብሶ ሦስቱንም ቀን እያለቀሰ እንደዋለ አይረሳኝም። አሁን ያ ልጅ የለም። እሑድ ተኝቶ ያረፍዳል። በዚህ በፍልሰታ እንኳ እህቶቹ ፊት እንቁላል ጠብሶ በላ። "ና እንጸልይ" ስለው "ማሚ፣ እዚያ ላይ ኔትወርክ የለም" ይለኛል። የንስሐ አባታችን ቤታችን ቢመጡ "አባ፣ ይቅርታ ዛሬ ስንት ገባ?" አላቸው። እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሐምሌ ደግሞ ማዕተቡን በጥሶ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ጥሎት አገኘሁ። ጥቁር ክር ነው፤ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለችው። ከዘጌ፣ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ያመጣሁለት እኔ ነኝ። አሁን ዳዊቴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ተሳልኩለት። ሹሮው ውስጥ የእምነት አመድ ቀላቅዬ አበላሁት። የተጠቀለለበትን ወረቀት አግኝቶ እስኪበቃው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቤት አልበላም። አባቱ "ወይ ይጹም ወይ ቤቱን ይልቀቅ" ብሏል። እህቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ውሰጂው ትለኛለች። እኔም ክረምቱ ሲወጣ በዘዴ አታልዬ ልወስደው እያሰብኩ ነው።

እንዲህ የሆነው የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛው ካረፈ ወዲህ ይመስለኛል። ስኳር ነበረበት። ጠበል በወሰድነው በሳምንቱ ነው ያረፈው፣ ነፍሱን ይማረውና። እናቱ ማኅበርተኛዬ ናት። ልጄ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አርባው ሲወጣ እንኳ አልመጣም። ማታ ጫማውን ጭቃ በጭቃ አድርጎ ገባ። በሰው ፊት አሳፈረኝ።

ምን ላድርግ? ልጄን ምን ነካብኝ?

አንዲት እናት

*

እህቴ፣

"አንቺ" ስልሽ ቅር አይበልሽ። እኔም አምሳን ተሻግሬያለሁ፤ "እርስዎ" እየተባባልን ይሄን ጉዳይ አንዘልቀውም።

ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነበር፤ ለዓምዱ ስል አሳጥሬዋለሁ። ስለ እንቁላሉ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ስለ ማዕተቡ ከዚያም በላይ። ስለሞተው ልጅ ግን የጻፍሽው ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ ከእነሱ አንድም አልቀነስኩም። የመጡትም ልትሰናበቺኝ ስትይ ነው። ሰው በጣም የከበደውን ነገር ብዙ ጊዜ በሩን ይዞ፣ ሊወጣ ሲል ነው የሚናገረው።

ከመስመሮቹ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቃል ያዘችኝ። "ጠበል በወሰድነው በሳምንቱ" ብለሻል። "በወሰዱት" ማለት ትችይ ነበር። ስልክሽን ፈልጌ የደወልኩት ለዚህ ነው። የነገርሽኝን እንድጽፈው ስለፈቀድሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ፣ ቀላል አልነበረም። ሰው እንዳይለያችሁ ሰፈሩንና አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የስኳር መርፌ ይወጋ ነበር። እናቱ ደከማት። መርፌው ይጠፋል፤ ሲገኝም ይወደዳል። ከከተማ ወጣ ወዳለ ጠበል ልትወስደው ስትነሣ ብቻዋን አትሂድ ብለሽ አብረሻት ሄድሽ። እዚያ ያገኛችሁት አንድ ሰው "መርፌና ጠበል አብሮ አይሄድም፤ መርፌ የያዘ እምነቱ ጎድሏል" አላችሁ። እናቱ መርፌውን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ቆመሽ ነበር። ዝም አልሽ። ማታ ልጅሽ ደወለ። "ማሚ፣ መርፌውን እየወጋ ነው አይደል?" አለሽ። አንቺም "ተው ልጄ፣ አትጠራጠር" አልሽው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይሄን የሚያነብ ሌላ ወላጅ ይኖራል። ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመርት ሰው መርፌውን ሲያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይበዛበታል። ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። ካልታከመ ይሞታል። ቤተ ክርስቲያንም መድኃኒት ጣሉ አላለችም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ፣ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ያኔም መድኃኒታቸውን እየጣሉ ጠበል የሚገቡ ብዙ ነበሩ። መርፌ ጣሉ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ልብሱንም ጢሙንም አትዩ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ወደ ልጅሽ ልመለስ።

እስቲ በእሱ ቦታ ሁኚ። ጓደኛው ገና በሕይወት እያለ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ እሱ ነበር። አትጠራጠር ተባለ። ከዚያ ቀብሩ ላይ ሁላችንም የለመድነውን አልን፤ "ፈቃዱ ነው"፣ "የወደደውን ይወስዳል"። ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ መርፌ የማን ፈቃድ ነው? ልጅሽ ይሄን ይዞ ወራት ተቀምጧል። ማንን ይጠይቅ? አንቺን እንዳይጠይቅ አንድ ጊዜ ጠይቆሽ መልሱን ሰምቷል።

ስለዚህ ቀልዱን እንደ ቀልድ አላየሁትም። "ኔትወርክ የለም" ያለሽን አስቢው። ባሕር ዳር ያለ ወጣት ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ትደውያለሽ፣ ትደውያለሽ፣ አይገባም። ደውሎ የማያውቅ ሰው ኔትወርክ የለም አይልም። እኔ ከዚያ ቃል ውስጥ የሰማሁት ብዙ ጊዜ ደውሎ የሰለቸውን ልጅ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ እህትሽ ያለችሽን ነገር፣ እባክሽ አታድርጊው። አታልለሽ ወስደሽው ከመኪና ስትወርዱ ልጅሽ የሚታየው ያ ፌስታል ነው። ጠበል አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን የ22 ዓመት ሰው ፈልጎ ነው የሚጠመቀው። በተንኮል ከተወሰደ ደግሞ ከዚያ በኋላ "ና ዳቦ ግዛልኝ" ብትይውም አያምንሽም።

የሹሮው ነገር አስቆኛል፣ ይቅር በይኝ። እኔም አንድ ጊዜ ለልጄ ሻይ ውስጥ እምነት ጨምሬ ነበር። ከብርጭቆው ሥር አመዱ ዘቅጦ ስታየው "እማዬ፣ ይሄ ሻይ ቅጠል ነው ወይስ ገብርኤል?" አለችኝ። እኛ ስቀን አለፍነው። ያንቺ ልጅ ግን ሁለት ቀን ቤት አልበላም። በእናቱ እጅ የተሠራውን ተጠራጠረ ማለት ነው። ከጾሙም ከቅዳሴውም በፊት የምትመልሺው ይሄንን ነው።

በምን ትመልሺዋለሽ? በይቅርታ ይመስለኛል። ይሄን ስልሽ አንቺ ገደልሽው ማለቴ አይደለም። ፈርተሽ ነው ዝም ያልሽው፤ የእምነት ጉዳይ ሲባል አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ግን ልጅሽ የሚጠብቀው አንድ ሰው "ትክክል ነበርክ" እንዲለው ነው። ከማንም በፊት ደግሞ ካንቺ። ቃሉን እንደሚመችሽ አድርጊው። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ "ያን ማታ ስትደውል ትክክል ነበርክ። መርፌውን ስጪው ማለት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንተንም ዝም አስባልኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።" እዚህ ላይ አቁሚ። "ግን ፈጣሪን ለምን..." ብለሽ ከቀጠልሽ ሁሉንም መልሰሽ አበላሸሽው። ይቅርታው ቤተ ክርስቲያን ማስገቢያ ወጥመድ ይመስለዋል።

ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አትጀምሪው። ወንድ ልጅ ፊት ፊቱን ሲያዩት አፉን ይዘጋል፤ ቢያንስ የእኛ ቤት ወንዶች እንደዚያ ናቸው። ወደ ማታ ፀሐዩ ሲበርድ "እስቲ በእግር እንውጣ" በይው። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገሩ። ከዳር እስከ ዳር 380 ሜትር ነው። ስትሄዱ ይቅርታሽን ትናገሪያለሽ፣ ስትመለሱ ዝም ትላላችሁ። ጎን ለጎን መሄድ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ሊጮህብሽ ይችላል። "ገደላችሁት" ሊልሽ ይችላል። አትከራከሪ፣ ስለ እናትየዋም ጥብቅና አትቁሚ፤ የዚያን ቀን ስሚው ብቻ። ወይም ትከሻውን ነቅንቆ "እሺ" ብሎ ስልኩን ያወጣል። ያን ጊዜ ደግሞ "ያን ያህል ተጨንቄ ምንም አላለኝም" ብለሽ አትክፊ። ወራት የተቀመጠ ነገር በአንድ ማታ አይወጣም።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ልቡ ሲረጋ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የአርባው ዕለት የት ነበርክ በይው። ለወቀሳ ሳይሆን ለማወቅ። በታኅሣሥ መጨረሻ ባሕር ዳር ዝናብ የለም፤ መንገዱ አቧራ ነው። እና ጫማው በጭቃ የተለወሰው የት ነው? ጭቃ ያለው ሐይቁ ዳር ነው፣ ደንገሉ ጋ። ሁለቱ ልጆች እዚያ የሚቀመጡበት ቦታ ነበራቸው? ግምት ነው፣ አላውቅም። ግን ያ ልጅ ጓደኛውን አልረሳም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እንደገና "ፈቃዱ ነው" ሲባል መስማት ከብዶት ብቻውን ሲያስበው ውሎ ይሆናል።

ምግቡን በአጭሩ እንለፈው። የጾሙን ቀን ሁሉ ብንደምር በዓመት ከ180 ይበልጣል። በየቀኑ ከተጨቃጨቃችሁ የዓመቱ ግማሽ ጠብ ነው፤ ማን ይችለዋል? ቤቱ ያንቺ ነው። "በጾም ቀን በድስቴ እንቁላል አይጠበስም" ማለት ትችያለሽ። ውጪ ከበላ ግን የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሲገባ አፉን አታሽትችው። አባን ማዋረድም አይፈቀድም። "አለማመን ያንተ ነው፤ ቤቴ የመጣን ሽማግሌ ግን አታሳፍርብኝ" በይው። ይሄን ይቀበላል፤ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።

ባልሽ የመርፌውን ነገር ያውቃል? ካላወቀ ንገሪው። ከዚያ በኋላም "ቤቱን ይልቀቅ" የሚል አይመስለኝም። ቢል እንኳ አንቺ እምቢ በይ።

አባ መሳቃቸው ደስ ብሎኛል። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር። ግን "ምከሩልኝ" ብለሽ ልጁ ላይ አትላኪያቸው። መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው። ላንቺም ሸክም ነው፣ ይቅለልሽ። ከዚያ "መርፌ ጣሉ ያለው ሰው ልክ ነበር ወይ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። "አጥፍቷል" ብለው በልጅሽ ፊት ለመናገር ፈቃደኛ ከሆኑ፣ እሱም ከፈለገ፣ ይገናኙ። ከሸሹ ተያቸው። ስለ ብሩ ያለውንም ዝም ብለሽ ስድብ አታድርጊው። ምን እንዳየ ጠይቂው። የጃንጥላ ጨረታ ላይ ማይክ ይዘው ሲጮሁ እኔንም አይመቸኝም፤ አንቺንም ካልተመቸሽ "እኔም አይመቸኝም" በይው። ይገረማል።

ልጅሽ ዲያቆን ሆኖ ያደገ፣ በዚያ ላይ የጎጃም ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ በማግስቱ እንደገና። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ደግሞ አንዱን ቃል "አንድም"፣ "አንድም" እያሉ ሦስት አራት ዓይነት ይፈቱታል። እንዲህ ተምሮ የመጣ ሰው ጥያቄ አያስበረግገውም። ከትንሣኤ በኋላ ያለችውን እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ብለን የምናከብራት ጌታ "ካላየሁ አላምንም" ላለው ለቶማስ የተገለጠባት ስለሆነች ነው። ማርቆስ ወንጌል ላይም ልጁ የታመመበት አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ጮኋል። ይሄን ለልጅሽ እንድትሰብኪው አይደለም የምነግርሽ፤ እሱ ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቀዋል። ላንቺ ነው። "አትጠራጠር" የሚለው ቃል ከአፍሽ ሊወጣ ሲል ቶማስን አስቢው።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልችልም። ይሄን ሁሉ አድርገሽም ላይመለስ ይችላል። አርባ ዓመት ሲሞላው ይመለስ ይሆናል፤ ጭራሽ ላይመለስም ይችላል። ያ ያማል። ግን አሁን በእጅሽ ያለው ልጅሽ ነው። እምነቱን አጥቶ እናቱን ካላጣ ብዙ ነገር ተርፎሻል።

እንቅልፉንና ትምህርቱን ግን ተከታተይ። ሌሊቱን ሙሉ የሚያነጋ ከሆነ፣ ክላስ መግባት ካቆመ፣ ምግብ ከጠላ፣ ወይም "መኖር ምን ያደርጋል" ዓይነት ነገር ከጣለ ጊዜ አትስጪው። ይዘሽው ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ። ሐዘን እንዲህ ሲበረታ መድኃኒትም ምክርም ያስፈልገዋል። መቼም ከሆነው በኋላ ይሄን ላንቺ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ማዕተቡ ዳዊትሽ ውስጥ ይቆይ። ከጠየቀሽ ስጪው። ካልጠየቀሽ አታንሺው።

አሁን የልጁ እናት ቀረች። በስልክ "ከአርባው ወዲህ ቤቷን አልረገጥኩም፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ" ብለሽኝ ነበር። ሙት ዓመቱ በኅዳር ነው። እስከዚያ አትቆይ። መርፌውን ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት፤ ሌሊት ሌሊት ምን እያሰበች እንደምታነጋ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ ሳምንት ቡናሽን ይዘሽ ሂጂ። እዚያው ቁይላት። ምን ልበል ብለሽ አትጨነቂ፤ "እኔም እዚያ ነበርኩ" ማለት ይበቃል። ልጅሽ የት ልትሄጂ ነው ካለሽ ንገሪው። አብሬሽ ልምጣ ካለ ይምጣ።

ስትመለሺ ደውይልኝ፤ ቁጥሬ አለሽ።